ምዕራፍ አምስት፦ አንድ ሠላሳ አምስተኛ

ተገጣጣሚ የታንክ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች፣ ቶክዮ ይኑሩ ሮም፣ አብዛኞቹ በአንድ ልክ ይስማማሉ፤ እውነተኛው ታንክ ሠላሳ አምስት ጊዜ ተቀንሶ። ቁጥሩ ግራ ያጋባል። አሥር ወይም ሃምሳ ወይም መቶ ቢሆን ለሒሳብ እንዲመች ነው ይባል ነበር። እንግሊዞች አውሮፕላን ለማሳነስ የለመዱት 1/72 እንኳ ምክንያት አለው፤ ስድስት ጫማ የሚረዝም ሰው በዚያ ልክ ሲቀነስ ቁመቱ አንድ ኢንች ይሆናል። 1/48ም ሩብ ኢንችን እንደ አንድ ጫማ የሚቆጥር ልክ ነው። ሠላሳ አምስት ግን ለጫማም ለሜትርም አይመችም። መነሻው ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሺዙኦካ በምትባል የጃፓን ከተማ ነው። ሺዙኦካ ከፉጂ ተራራ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከቶክዮ ወደ ናጎያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በአረንጓዴ ሻይዋ የታወቀች ከተማ ናት። የእንጨት ሥራም ከጥንት ጀምሮ ሥር የሰደደባት አገር ናት። ዛሬ በሞዴል ሥራ ስማቸው ከሚጠራው የጃፓን ኩባንያዎች ብዙዎቹ፣ አኦሺማ፣ ሃሴጋዋ፣ ፉጂሚ፣ ታሚያ፣ መኖሪያቸው እዚያው ወይም አቅራቢያዋ ነው። ዮሺዮ ታሚያ በ1946 የከፈተው ድርጅት የእንጨት መሰንጠቂያና የግንባታ እንጨት መሸጫ ነበር (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ ከእንጨት የመርከብና የአውሮፕላን ሞዴል መሥራት ጀመረ፤ በ1953 የግንባታ እንጨቱን ንግድ ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞዴል ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከባሕር ማዶ የመጣው የፕላስቲክ ኪት የእንጨቱን ገበያ በላው። ኪት የምለው ክፍሎቹ ተነጣጥለው በሳጥን የሚሸጡትን፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ሞዴል ነው።

ታሚያም ወደ ፕላስቲክ ዞረ፤ በ1960 ያማቶ የተባለችውን ታዋቂ የጦር መርከብ በ1/800 ልክ አወጣ። አልተሳካለትም። ሌላ ኩባንያ ያንኑ መርከብ ቀድሞ በርካሽ ስላወጣው ታሚያ ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ፤ በዚያ ዋጋ ደግሞ ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚገባበትን የብረት ሞልድ ወጪ እንኳ መመለስ አልተቻለም። የፕላስቲክ ሞዴል ሥራ ጭካኔው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሳጥን ለማምረት የሚፈጀው ፕላስቲክ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ገንዘቡን ሁሉ የሚውጠው ሞልዱ ነው፤ እሱም የሚከፈለው አንድም ሳጥን ሳይሸጥ ነው። የመረጥከውን ነገር ሰው ካልወደደው የሚቀርህ በቶን የሚመዘን የተቦረቦረ ብረት ነው።

ታሚያ ቤቢ ሬሰር በተባለች ርካሽ የእሽቅድምድም መኪና እንደምንም ካገገመ በኋላ ሁለተኛ ዕድሉን የሞከረው በጀርመኑ ፓንተር ታንክ ነው። ምርጫው ብልህ ነበር። ፓንተር ጠፍጣፋ ብረቶች በቀጥታ መስመር የተጋጠሙበት ታንክ ስለሆነ ሞልዱን ለመቅረጽ አያስቸግርም። የሳጥኑን ሥዕል ሺጌሩ ኮማትሱዛኪ የተባለ ዝነኛ ሠዓሊ ሣለው። ከሁሉ በላይ ግን ታንኩ በሞተር ይሄዳል፤ ልጆች መጽሐፍ ደርድረው ሲያስወጡት ዳገት ይወጣል። ሞተሩ ባትሪ ይፈልጋል። ስለዚህ የታንኩ ሆድ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ጎን ለጎን እንዲይዝ ሆኖ ተሠራ፤ የቀረው አካል ሁሉ ያንን ተከትሎ መጣ። ፓንተሩ በጥሩ ተሸጠ። የዮሺዮ ልጅ ሹንሳኩ ታሚያ ሌሎች ታንኮችን በዚያው ልክ ለማውጣት ሲያስብ ፓንተሩን ለካው፤ ከእውነተኛው ወደ ሠላሳ አምስት ጊዜ ያህል ያነሰ ሆኖ አገኘው። በ1968 የጀርመን ታንከኞችን ምስል ይዞ የተጀመረው የ1/35 ተከታታይ ምርት እስከ ዛሬ ይቀጥላል፤ የጣሊያኑም የቻይናውም አምራች ልኩን ተቀብሎታል። ዛሬ ሞተር ያለው የለም ማለት ይቻላል። የዘመኑ ትዝታ የሚገኘው ከሥር ነው፤ የታሚያን የድሮ ኪት ገልብጦ ሆዱን ያየ ሰው የማብሪያ ማጥፊያው መግቢያ የነበሩትን ቀዳዳዎች ያገኛቸዋል።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለወጉ ብቻ አይደለም። በዚህ መዝናኛ ውስጥ ያለው ትልቅ ነገር ሁሉ እዚህ ይታያል። አንድን ነገር ማሳነስ መቀነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሒሳብ በቂ ነበር። ሲያንስ ግን አንዳንዱ ነገር አብሮ አይቀነስም፤ ባትሪው አይቀነስም፤ ፕላስቲኩ እንደ ልብ አይሳሳም፤ ብርሃኑም ውኃውም አይቀነሱም። ሞዴል የሚቀርጸው መሐንዲስም ሆነ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚገጣጥመው ሰው ሥራው ሁሉ ከእነዚህ እምቢተኞች ጋር መደራደር ነው። ምን ይቅር፣ ምን ይጋነን፣ ምን በማስመሰል ይለፍ የሚለውን መወሰን አለበት። ለመወሰን ደግሞ እውነተኛው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግድ ይለዋል።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ፓንተር ከነመድፉ 8.66 ሜትር ይረዝማል፤ ለ35 ሲካፈል ወደ 25 ሳንቲሜትር ይመጣል፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው ልክ 5 ሳንቲሜትር ይሆናል። ክብደቱ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ እያንዳንዳቸው ለ35 ስለሚካፈሉ ክብደቱ የሚካፈለው ለ42,875 ነው። 45 ቶን የሚመዝነው ታንክ አንድ ኪሎ ገደማ ይቀረዋል፤ ክፍት የፕላስቲክ ቅርፊት የሆነው ሞዴል ደግሞ ከዚያም በብዙ ይቀላል። በዚህ ምክንያት የእውነተኛ ታንክ ሰንሰለት በራሱ ክብደት ሲረግብ የሞዴሉ ሰንሰለት በአየር ላይ ተወጥሮ ይቀራል። ልምድ ያለው ሰው የላይኛውን የሰንሰለት መስመር በጎማዎቹ ላይ በማስቲሽ ተጭኖ ያስተኛዋል። የሌለውን ክብደት በእጁ ያስመስለዋል ማለት ነው።

ውፍረትም እንዲሁ ነው። የታንክ ፓራፋንጎ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍር ቆርቆሮ ነው። አንድ ሚሊሜትር የሚወፍር የፕላስቲክ ፓራፋንጎ ወደ እውነተኛው ልክ ሲመለስ ግን ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል የሚወፍር ብረት ይሆናል። ታዲያ ለምን አያሳሱትም? ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ ከ200 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ቀዝቃዛው የብረት ሞልድ ይገባል። መተላለፊያው ከመጠን በላይ ከጠበበ ቀልጦ የመጣው ፕላስቲክ ዳር ሳይደርስ ይረጋል፤ ክፍሉም ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቀራጩ ማታለልን ይመርጣል፤ ፓራፋንጎውን መሐሉ ላይ እንደወፈረ ይተውና ዓይን የሚያርፍበትን ጠርዝ ብቻ ከሥር ሸርሽሮ ያሳሳዋል። ይህ የማይበቃው ሠሪ ከነሐስ ቅጠል በአሲድ የተበሉ ቀጫጭን ክፍሎችን ለብቻቸው ይገዛል፤ እነሱን በወረንጦ ይዞ ማጠፍ ራሱን የቻለ ትዕግሥት ነው።

ሞልዱ ሌላም ሕግ አለው። ሁለት ግማሾች ተገጥመው ፕላስቲኩን ይቀበላሉ፤ ከዚያ ይላቀቃሉ፤ ክፍሉንም ገፊ ዘንጎች ከኋላ ገፍተው ያስወጡታል። ስለዚህ ግማሾቹ ሲላቀቁ የሚይዛቸው፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቅርጽ ሊኖር አይችልም። የመድፍ አፈሙዝ ለዘመናት በቁመቱ ለሁለት ተከፍሎ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመርም በእያንዳንዱ ክፍል ዙሪያ ይቀራል፤ የገፊዎቹም ክብ ጠባሳ በጀርባው ይታያል። ጎበዝ መሐንዲስ ጠባሳው ማንም በማያየው በኩል እንዲውል አስቀድሞ ያስባል። ዛሬ ከሁለቱ ግማሾች ሌላ ከጎን የሚንሸራተት ሦስተኛ ክፍል ያላቸው ሞልዶች ስላሉ አፈሙዙ ሙሉ ሆኖ፣ አፉም ክፍት ሆኖ ይወጣል። ቀድሞ ባለሙያ ትልቅ የእንጨት ሞዴል ቀርጾ በሚያሳንስ መሣሪያ እየተከተለ ብረት ላይ ያሳርፈው የነበረው ሥራም ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። ቢሆንም ምን ይቅር ምን ይግባ የሚለውን ዛሬም የሚወስነው ሰው ነው።

ሹንሳኩ ታሚያ በዚህ ረገድ ታሪክ ትቶ ያለፈ ሰው ነው። በ2025 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ስሙ ከሚነገርባቸው ነገሮች አንዱ መረጃ ለመሰብሰብ የነበረው ጽናት ነው። አሜሪካ ድረስ ሄዶ በአበርዲን የጦር መሣሪያ ሙዚየም ሜዳ ላይ የቆሙትን ታንኮች ከላይም ከታችም ፎቶ አንስቷል። በ1976 ለወጣው የፖርሸ 934 ሞዴል ደግሞ ድርጅቱ እውነተኛ ፖርሸ 911 ገዝቶ ብሎን በብሎን ፈታታው። ሰው ለአሻንጉሊት ብሎ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ታሚያ ግን የሚያሳንሰውን ነገር ሳያውቅ የሚያሳንስ ሰው የሚሠራው መልክ ብቻ እንደሆነ ተረድቶ ነበር። የዚያ ዘመን ኪቶቹን ሰዎች ዛሬም እየገጣጠሙ የሚደሰቱባቸው ለዚህ ነው።

መገጣጠሙ ራሱ በገዢው እጅ የወደቀው በወጪ ምክንያት መሆኑ ይገርመኛል። በ1936 እንግሊዝ አገር ፍሮግ የተባለው ምርት የመጀመሪያዎቹን የፕላስቲክ አውሮፕላን ኪቶች አውጥቶ ነበር፤ ነገሩ የብዙኃን የሆነው ግን በትራክተር ነው። ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሃንጋሪ ስደተኛ በ1939 ያቋቋመው ኤርፊክስ በአየር የሚነፋ የጎማ አሻንጉሊት፣ ኋላም ማበጠሪያ ያመርት ነበር። በ1949 እኛም ስሙን ከማሲ ፈርጉሰን የምናውቀው የፈርጉሰን ኩባንያ ለሻጮቹ ማስተዋወቂያ የሚሆን ትንሽ ትራክተር አዘዘው። ትራክተሩን ገጣጥሞ መሸጥ ውድ ስለሆነ ዉልዎርዝ በተባሉት ሱቆች ሳይገጣጠም ለሕዝብ ቀረበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎልደን ሃይንድ የተባለችው የድሮ መርከብ በፕላስቲክ ከረጢት በሁለት ሽልንግ ተከተለች። ፋብሪካው ሊሸሸው የፈለገውን ድካም ሰው ከፍሎ ገዛው። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ሰው ያለቀ ነገር ሲቀበል ባለቤት ይሆናል፤ ሲገጣጥመው ግን ያውቀዋል።

እስቲ አንዲት ክፍል ይዘን እንቅረብ። ሳጥኑ ሲከፈት ክፍሎቹ ቀልጦ በገባው ፕላስቲክ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ክፈፍ ፊደል፣ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው፤ መመሪያው የሚያወራው በፊደልና በቁጥር ነው። የታንክ ጎማ እንውሰድ፤ ዲያሜትሩ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። በእጅ ጠምዝዞ መንቀል አይሆንም፤ ቅርንጫፉ ከጎማው ሥጋ ይዞ ይሄዳል። በቆራጭ ፒንሳ መጀመሪያ ከጎማው ራቅ ተብሎ ይቆረጣል፤ የቀረው ጉቶ ለብቻው በቀስታ ይነሳል። ምላጩ ጠፍጣፋ ተይዞ የሞልዱ መስመር ይላጫል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፤ መጀመሪያ 400፣ ቀጥሎ 600፣ ውኃ እየነካ። ጥፍር ሲያልፍበት ምንም ካልተሰማው አልቋል። ፓንተር በእያንዳንዱ ጎን በስምንት ዘንጎች ላይ የተተከሉ ድርብ ድርብ ጎማዎች ስላሉት ይህ ሥራ አንድ ምሽት ሙሉ ይፈጃል። አሰልቺ የሚሉት አሉ። እኔ ግን ጎማዎቹ ለምን እርስ በርሳቸው እንደተደራረቡ የገባኝ እዚያ ላይ ነው፤ ክብደቱ በሰንሰለቱ ላይ እኩል እንዲበተን ነው። የጀርመን መካኒክ በጭቃ ውስጥ አንዱን የውስጥ ጎማ ለመቀየር በላዩ የተደራረቡትን የውጭ ጎማዎች መፍታት ነበረበት የሚለውም የጦር ታሪክ እንዲሁ በቀላሉ ይገባል፤ ቅደም ተከተሉን ተሳስቶ የለጠፈ ሰው መልሶ ሊፈታቸው ይገደዳልና።

ማጣበቂያውም ከምናውቀው ማስቲሽ የተለየ ነው። ጫማ ሠሪ የሚጠቀምበት ማስቲሽ ሁለቱን ወገን በመሐል ሆኖ ይይዛል፤ ሱፐር ግሉም እንዲሁ። ለፖሊስታይሪን የተሠራው ግን እንደ ውኃ የሳሳ ሟሟ ነው፤ የራሱ ሙጫ የለውም። ሁለቱን ክፍሎች ደረቅ ሆነው አጋጥሞ ይዞ የብሩሹን ጫፍ ስንጥቁ ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ሮጦ ዳር እስከ ዳር ይደርሳል። የነካው ፕላስቲክ ገጹ ይለሰልሳል፤ ረጃጅሞቹ የፕላስቲክ ሞለኪውሎች ከወዲያና ከወዲህ እየተጠላለፉ ይገናኛሉ፤ ሟሟው ሲተን ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ብየዳ ነው ማለት ይቀላል። ትንሽ ጫን ሲደረግ ከስንጥቁ ቀልጦ የሚወጣው ቀጭን ክር ሲደርቅ ተላጭቶ መገጣጠሚያው ይጠፋል፤ ያልጠፋውን ስቱኮ ይሞላዋል። ይህ ሟሟ የሚተነው ወደምንተነፍሰው አየር ስለሆነ መስኮት ሳይከፈት ጠርሙሱ አይከፈትም፤ ልጅ ካለ ደግሞ ይህን ሥራ አዋቂ ይሥራው።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ ክርክሩ ይጦፋል። 1/35 የሆነ ሞዴልን ከ40 ሳንቲሜትር ርቀት የሚያይ ሰው እውነተኛውን ታንክ ከ14 ሜትር ርቀት እያየ ነው። ይህ ሒሳብ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1942 የአገሪቱ ተማሪዎች 500,000 የአውሮፕላን ሞዴሎች በ1/72 እንዲሠሩለት የጠየቀው በዚህ ስሌት ነው። በአሥር ሜትር ርቀት የተሰቀለ ሞዴል ለተመልካቹ ወታደር 720 ሜትር ርቆ የሚበር አውሮፕላን ሆኖ ይታየዋል፤ የወገንን ከጠላት በቅርጹ መለየት ይለማመድበታል። ነገር ግን በጠረጴዛችን ላይ የሚያርፈው ብርሃን አልተቀነሰም። ፀሐይ ትልቁ ታንክ ላይ ስታርፍ ከፓራፋንጎው ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ የክፍል መብራት ትንሹ ላይ ሲያርፍ ግን ሁሉንም እኩል ያጥበዋል። ስለዚህ አንድ ቀለም ብቻ የተቀባ ሞዴል ምንም ያህል በትክክል ቢገጣጠም አሻንጉሊት ይመስላል። ሠሪው ጥላውን ራሱ መቀባት አለበት። ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም በማቅጠኛ በጣም አሳስቶ ይለቅበታል፤ ፈሳሹ በየጎድጓዳው ይተኛል፤ ከደረቀ በኋላ ብሩሽ ላይ ቀለል ያለ ቀለም ተነክሮ በጨርቅ ይጠረግና የቀረው እርጥበት የለሽ ቀለም በጠርዞቹ ላይ ይፈገፈጋል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ይህን ዘዴ ለብዙዎች ካስተማሩት መካከል ቤልጂየማዊው ፍራንሷ ቨርሊንደንና አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ይገኙበታል።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ዛሬ በብዙ ትርኢቶች የሚታየው፣ ሁሉም ነገር በዝገት የተሸፈነበት አቀባብ እውነትን የሚያሳይ አይመስለኝም። በጦር ሜዳ የዋለ ታንክ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ለመዛግ የሚበቃ ዕድሜ አልነበረውም። በላዩ ላይ የነበረው አቧራ፣ ጭቃ፣ የፈሰሰ ዘይትና ወታደር ሲወጣና ሲወርድ በጫማው ያጸዳው ቦታ ነው። እነዚህ ደግሞ የት እንዳሉ የሚያውቀው ታንኩ ውስጥ ማን በየት በኩል እንደሚገባ ያሰበ ሠሪ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ አንባቢዎች ምን ይረባል ለሚል አንድ ሞዴል አለኝ። የቻይናው ብሮንኮ የጣሊያንን ሲቪ ኤል 3 ትንሽ ታንክ በ1/35 አውጥቷል። ይህ ታንክ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር ይዟቸው ከመጣው የጦር መሣሪያዎች አንዱ ነው። እውነተኛው ርዝመቱ 3.17 ሜትር፣ ከፍታው 1.3 ሜትር ገደማ ነው፤ በሞዴሉ ወደ 9 ሳንቲሜትር ርዝመትና 3.7 ሳንቲሜትር ከፍታ ይሆናል። ታንክ የሚለው ስም የሚያሳየን ግዙፍ ነገር ሲሆን ይህ ግን መዳፍ ላይ ያድራል።

ገጣጥመን ስንጨርስ ጥቂት ነገሮች ራሳቸውን ይገልጣሉ። አናቱ ላይ የሚሽከረከር የመድፍ ማማ የለውም። መትረየሱ ከፊት ለፊት ብቻ ተተክሏል፤ ግራና ቀኝ የሚዞረው ትንሽ ነው። ውስጡ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተጣብቦ ይቀመጣል፤ የሚያዩት በጠባብ ስንጥቅ ነው። ከኋላው ሞተሩ አለ፤ ወደ ኋላ የሚተኩስ ግን ምንም የለም። ከጎኑ ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው፣ ማለትም የ5 ሳንቲሜትር ምስል ስናቆም ታንኩ ደረቱ አካባቢ ይቀራል።

አሁን ወደ ደንበጉና መተላለፊያ እንሂድ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ አቅራቢያ ከጣሊያን ጦር ጋር ገጠመ። ጣሊያኖቹ እነዚህን ትንንሽ ታንኮች አሰለፉ። ከእኛ ወገን ታንክ የሚበሳ መሣሪያ ይዞ የተሰለፈ ስለሌለ ጦሩ ይበተናል ብለው አስበው ይሆናል። ተዋጊዎቹ ግን መትረየሱ በማይደርስበት በጎንና በኋላ ዞረው ታንኮቹ ላይ ወጡ፤ ብዙዎቹም ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ጣሊያን በዚያ ዕለት ከመተላለፊያው ተገፋ። ይህን ውጊያ በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ጀግንነት ብሎ ያልፈዋል፤ ጀግንነት መሆኑም እውነት ነው። ሞዴሉን የገጣጠመ ሰው ግን ከጀግንነቱ ጋር አስተውሎትንም ያያል። እነዚያ ሰዎች ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን መሣሪያ በተኩስ መሐል አጥንተው ዓይኑ የት እንደማይደርስ፣ እጁ የት እንደሚያጥር ለይተዋል። ዘጠኝ ሳንቲሜትር ፕላስቲክ በእጃችን እያገላበጥን በተረጋጋ ክፍል የደረስንበትን፣ እነሱ በጥይት ሥር በጥቂት ደቂቃ ደርሰውበታል። ከብዙ ሐተታ ይልቅ ይህ የነሱን ብልህነት ያሳየኛል።

የጦር መሣሪያ ሞዴል ጦርነትን ለልጆች ያስወድዳል የሚል ስጋት ያላቸው ወላጆች አሉ፤ ስጋታቸውን አከብራለሁ። ያን ያህል ካሳሰባቸው መኪናም፣ የመንገደኞች አውሮፕላንም፣ መርከብም፣ ጃፓኖቹ ከ1980 ጀምሮ የሚያወጧቸው፣ ዛሬ ያለ ማስቲሽ በመጫን ብቻ የሚገጣጠሙት የጉንዳም ሮቦቶችም አሉ። ለጀማሪ ልጅ ጉንዳም ከሁሉ ይሻላል፤ ፕላስቲኩ በቀለም ተለይቶ ስለሚመጣ መቀባትም አያስፈልግም። ታንኩን የመረጠ ግን ታሪኩን አብሮ ይንገር።

ለመጀመር ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ቆራጭ ፒንሳ፣ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጭን የፖሊስታይሪን ማስቲሽ፣ ሁለት ጥሩ ብሩሽና በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ይበቃል። በአየር የሚረጭ የቀለም መሣሪያ የሚገዛው ሰው ሦስት አራት ሞዴል በብሩሽ ጨርሶ ምን እንደጎደለው ሲያውቅ ነው። የመጀመሪያው ኪት ርካሽና ክፍሉ ጥቂት ይሁን፤ በሺህ ክፍል የሚቆጠር ሳጥን ገዝተው በግማሽ ያቆሙ ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ኪት እንደ ልብ አይገኝም፤ ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ግን ከሞዴል መሸጫዎች ልታገኙት ወይም ልታስመጡት ትችላላችሁ።

ለእናንተ አንድ አደራ አለኝ። ያቺን ትንሽ የጣሊያን ታንክ ከልጃችሁ ጋር ስትሠሩ ብቻዋን መደርደሪያ ላይ አታስቀምጧት። ከጎኗ አምስት ሳንቲሜትር የሚቆም የራስ እምሩ ወታደር ይኑር። በሳጥኑ ውስጥ ስለማይመጣ ከሌላ ኪት ተራ የወታደር ምስል ውሰዱ፤ የራስ ቁሩን በምላጭ አንሱት፤ ሁለት ዓይነት ሆኖ የሚደባለቀውን የሞዴል ስቱኮ በእርጥብ ጣት አሳስታችሁ ጋቢ አልብሱት፤ ጎራዴውን ከክፈፉ ቁራጭ ፕላስቲክ ቅረጹለት። ሲደርቅ ከታንኪቱ በስተኋላ አቁሙት፤ ልጁ ለምን ከኋላ ብሎ ሲጠይቃችሁ ደንበጉናን ንገሩት።